«ይሄ ሰውዬ ታሟል» አሉኝ አባቴ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ከረሙ?

የምጽፍልዎት ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። 38 ዓመቴ ነው። መምህር ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። አባቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ በዚያ መስመር ነው የኖሩት። በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባም ከአስመራም እየገዙ ያጠራቀሟቸው ስድሳ ያህል የሙዚቃ ሸክላዎች አሏቸው። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ናቸው። በ2014ቱ ጦርነት ከተማውን ለቀን ሄደን ስንመለስ ሬዲዮግራማቸው፣ ያ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ሳጥን የያዘው፣ የለም። ሸክላዎቹ ግን በካርቶን እንደታሸጉ አልጋ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ሸክላ የሚዘርፍ ሰው የለም መሰለኝ።

ዘንድሮ አሜሪካ ያለችው እህቴ አንድ ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ ገዝታ በሰው ላከችልን። የድሮ ነው፤ ከባድና የሚያምር። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ተጽፎበታል። እንዳይቃጠል ፈርቼ የእኛን 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ቤት ካለን የፊልም አምፕሊፋየር ጋር ኦክስ በሚባለው የድምፅ መግቢያ ቀዳዳ አገናኘሁት። ስፒከሮቹ ቡፌው ላይ ናቸው፤ ማጫወቻውንም እዚያው መሃላቸው አስቀመጥኩት።

አባቴን ጠርቼ የሚወዱትን ሸክላ ከፈትኩላቸው። ግማሽ ሳይደርስ «ይሄ ሰውዬ ታሟል» አሉኝ። «ማን?» ስል «ዘፋኙ ነዋ። ድምፁ የሱ አይደለም፤ ይጎትታል» አሉ። ስንት ለፍቼ ስለነበር ተናደድኩና «አባባ፣ ጆሮዎት ደክሞ ነው» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ሳሎን ሙዚቃ ከተከፈተ አይወጡም።

እውነቱን ለመናገር ድምፁ ለእኔም ቀጭን ነው፤ እንደ ትንኝ። ጎረቤቴ «ባለ 500 ዋት አምፕሊፋየር ግዛ» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ ደግሞ ማጫወቻውንም፣ አምፕሊፋየሩንም፣ ስፒከሩንም አዲስ በ85 ሺህ ብር አቀርባለሁ ብሎኛል። ዕቁብ ወጥቶልኛል፣ 90 ሺህ። ባለቤቴ የምታውቀው በዚህ ገንዘብ ክረምት ሳይገባ የጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚቀየር ነው። ለትራንስፎርመሩና ለኬብሉ 7 ሺህ ከዚያው አውጥቻለሁ፤ አልነገርኳትም። አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ልግዛው ወይስ ልተወው?

ሰ. ከደሴ

—

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት። በአንተ አይደለም፤ በአባትህ ደስ ብሎኝ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ልክ ናቸው። ጆሯቸው አልደከመም። ዘፋኙ እውነትም ታሟል። በሽታውንም አንተው ራስህ በደብዳቤህ ጽፈኸዋል፤ ያ «60 ኸርዝ» የሚለው ነው።

በምን አወቁ ትለኝ ይሆናል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደሴ ፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ቤቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሬዲዮ አንጀት ተሞልቶ ኖሯል። ሳልወድ በግዴ ብዙ ተማርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብዙ ድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከቮልቱ አይደለም፤ ከመብራቱ ምት ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። የእኛው 50 ጊዜ። አንተ የገዛኸው ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ምቱን አይነካውም። ስለዚህ ሞተሩ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። የትልልቆቹ 33ም 28 አይሞላም። ዜማው ይጎተታል። ድምፁም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ጎረምሳው ዘፋኝ ሽማግሌ ሆኖ ቁጭ!

አንተ ለምን አላወቅከውም? ሁሉም ነገር እኩል ስለሚወርድ ነዋ። ባቲም ሆነ አምባሰል ቅኝቱ አይፈርስም። ዘፈኑ ዘፈን ነው፤ ቀስ ያለ ዘፈን። በወጣትነቱ ያንኑ ሸክላ ስንት መቶ ጊዜ የሰማ ሰው ግን ወዲያው ይነቃል። ደግሞ አባትህ ሹፌር ናቸው እኮ! የሐረጎን ዳገት በጭነት ሲወጡ በሞተሩ ድምፅ ብቻ ማርሽ የሚቀይሩ ሰው፣ ሚኒሞ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ሲወርድ ከእንቅልፋቸው የሚነቁ ሰው፣ ዙር ሲጎድል አይሰማቸውም ብለህ ነው?

ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የሚጠገነው ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ክፍላቸው የተቀመጡት ሙዚቃው ስላስጠላቸው ይመስልሃል? እኔ አይመስለኝም። «ጆሮዎት ደክሟል» ማለት ለአንድ ሹፌር «መንጃ ፈቃድዎን ይመልሱ» እንደማለት ነው። ክፉ አስበህ እንዳልተናገርከው አውቃለሁ። ደክሞህ ነበር፤ ምስጋና ጠብቀህ ነበር። ግን እሳቸው ይህን በምን ያውቃሉ?

ሽማግሌ መላክ፣ ረዥም ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልግህም። አንድ ቁራጭ ወረቀት ያዝ። ክፍላቸው ግባና «አባባ፣ እርስዎ ልክ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ይምጡና አብረን እንቁጠረው» በላቸው። ወረቀቱን ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ለጥፈው። ፍጥነቱን 45 ላይ አድርገው። አንተ ስልክህ ላይ አንድ ደቂቃ ያዝ፤ እሳቸው ወረቀቱ በፊታቸው ባለፈ ቁጥር ይቁጠሩ። 45 ከሆነ እኔም አንተም ተሳስተናል። 37 ወይም 38 ከሆነ ግን «ይቅርታ አባባ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኝም። ከፈለግህ ደግሞ ያንኑ ዘፈን ስልክህ ላይ ፈልገህ ጎን ለጎን ክፈተው። በ1960ዎቹ አምሃ እሸቴና አሊ ታንጎ ካሳተሟቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ በሲዲ እንደገና ስለወጡ ኢንተርኔት ላይ አይጠፉም። ልዩነቱን ያኔ ልጆችህም ይሰሙታል።

አሁን ወደ ትንኟ እንምጣ። የድምፁ መቅጠን ከፍጥነቱ ጋር አይገናኝም፤ ሌላ በሽታ ነው። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው። በተለመዱት መርፌዎች ከአንድ ቮልት ሺህ እጅ አራት ወይም አምስት እጅ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙን ድምፅ ሆን ብለው ያሳንሱታል፤ ቀጭኑን ያጎሉታል። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ የሸክላው መስመር እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌውም ይዘላል። ቀጭኑ ከፍ ተደርጎ የተቀረጸው ደግሞ በኋላ ሲመለስ ጭርታውን ይዞ እንዲወርድ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ፋብሪካዎቹ ለዚህ አንድ ስምምነት አላቸው። ስለዚህ ሲጫወት ያንን መልሶ የሚያስተካክል ነገር መሃል ላይ መግባት አለበት። «ፎኖ» ይሉታል። የድሮ ሬዲዮግራሞች ይህን ሥራ ራሳቸው ስለሚጨርሱት አባትህ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ላያውቁ ይችላሉ። የአንተ አምፕሊፋየር ኦክስ ቀዳዳ ግን ይህን አያደርግም። የሚደርሰውን እንዳለ ነው የሚያጎላው። ትንኝን በ500 ዋት ብታጎላት በሬ አትሆንም፤ ትልቅ ትንኝ ናት የምትሆነው። ጎረቤትህን በዚህ አትቀየመው፤ ቅን ሰው ነው፣ ግን ዋት ነው የሚያውቀው።

ከመግዛትህ በፊት የአምፕሊፋየሩን ጀርባ በባትሪ አብርተህ እየው። «ፎኖ» የተባለ ቀዳዳ ካለ እዚያ ሰካውና ነገሩ በነፃ አለቀ። ከሌለ እጅ መዳፍ የምታክል የፎኖ ሳጥን ትሸጣለች። ውጭ አገር ከ20 እስከ 50 ዶላር ደህናው ይገኛል። እህትህ ሌላ ሰው ሲመጣ በኪስ ትላክልህ፤ ግን 220 ቮልት የሚቀበል መሙያ ይኑረው። በማጫወቻውና በኦክሱ መሃል ታስገባታለህ። ከማጫወቻው የምትወጣ ቀጭን ሽቦ ካለች ሳጥኑ ላይ ካለችው ብሎን ጋር እሰራት፤ አለበለዚያ ቤትህ እንደ ንብ ቀፎ እዝዝዝ ይላል። አደራ፣ ሁለት ጊዜ እንዳታደርገው። ወደፊት ፎኖ በውስጡ ያለው ማጫወቻ ከገዛህ ሳጥኑ አያስፈልግም፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ድምፁ ይፈርሳል።

ፍጥነቱን ለማስተካከል መንገድ አለ፤ ከአንድም በላይ። እኔ የምመርጥልህን ልንገርህ። ሳህኑን አንሳውና ሥሩን እይ፤ ሲከፈት ግን ከመብራት ይነቀል። ሞተሩና ሳህኑ በላስቲክ ችንጋ የተያያዙ ከሆኑ ዕድለኛ ነህ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ፑሌጃ፣ ችንጋው የሚዞርባት መዘውር፣ ናት ፍጥነቱን የምትወስነው። ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ ለ50ም ለ60ም ኸርዝ የተለያየ ፑሌጃ ይሠሩ ነበር። እህትህ በሞዴሉ ስም የ50ውን ትፈልግ። ካጣች ወደ ኮምቦልቻ ወርደህ ጎበዝ ቶርኖ ሠሪ፣ ብረት የሚቀርጽ ባለሙያ፣ ፈልግ። ከነሐስ ያወጣልሃል፤ ከነበረችው 20 በመቶ ያህል የምትወፍር፣ የችንጋው ውፍረትም ተቆጥሮ። መሃሏ እንደ ድሮዋ በትንሹ ጎበጥ ይበል፤ አለበለዚያ ችንጋው ይወጣል። ትንሽ አወፍሮ ይጀምርና እየቆጠራችሁ ይላጠው። ብረት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። አባትህን ይዘሃቸው ብትሄድ ደስ ይለኛል። ቶርኖ ቤት የሹፌር ሁለተኛ ቤቱ ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ሠሪ አይጠፋም።

ችንጋ የሌለው ከሆነ ይህ መላ ላይሠራ ይችላል። ያኔ ምቱን ወደ 60 መቀየር የሚችል፣ ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ፤ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ሳጥን ነው። መብራት ሲጠፋም ሙዚቃው አይቋረጥም፤ ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዋጋው ግን ያስብህ። ከዚያ ይልቅ ማጫወቻውን ሸጦ ባለ ትንሽ መሙያ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚሠራ መግዛት ሳይሻል አይቀርም። የእነዚያ ሞተር ምቱን አይከተልም። እስከዚያው ያንተን ማጫወቻ ብዙ አታሠራው፤ የ60 ሞተር በ50 ሲሠራ ከሚገባው በላይ ሊሞቅ ይችላል።

መርፌውን እኮ ረሳሁት! ማንም ያገለገለ ማጫወቻ ሲገዛ መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ አያውቅም። አምራቾቹ እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ዕድሜ ይሰጡታል። የዶለዶመ መርፌ ደግሞ ሸክላ ይልጣል፤ የተላጠ ሸክላ አይድንም። የእሳቸው ስድሳ ሸክላ ሌላ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አዲስ መርፌ አስልክ። እስኪመጣ የሚወዷቸውን አታጫውት። ሲመጣ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ በተጻፈው መሠረት አስተካክል፤ የተለመዱት ሁለት ግራም አካባቢ ነው የሚፈልጉት። የእኔ አባት መርፌው በዘለለ ቁጥር ላዩ ላይ አሥር ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር። ባለቤቴ ይህን ያየ ቀን ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ አማቹ ስለሆኑ ዝም አለ እንጂ።

ሸክላዎቹን በዲስቲልድ ውሃና ጠብታ በማትሞላ የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ በመስመሩ ዙሪያ ጥረጋቸው፤ በንጹሕ ዲስቲልድ ውሃ ደግመህ አጥባቸው። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት አይረስ። ዲስቲልድ ውሃውን «የባትሪ ውሃ» ብለህ ስትገዛ አሲዱን እንዳይሰጡህ አይተህ ተቀበል። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ይቁሙ እንጂ አይነባበሩ።

ማጫወቻውንም ከቡፌው አውርደው። ስፒከሩ ሲርገበገብ ቡፌው ይርገበገባል፣ መርፌውም ያንን መልሶ ይሰማል፤ ድምፅ ከፍ ስታደርግ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው። ለብቻው ከባድ ጠረጴዛ ፈልግለት። ስፒከሮቹ አባትህ በሚቀመጡበት ወንበር ልክ፣ በጆሯቸው ከፍታ ይሁኑ። ይህ ምንም አያስወጣህም፤ ለውጡ ግን ትገረማለህ።

እንግዲህ 85 ሺሁ። ለምን እንደጓጓህ ይገባኛል። በ2014 የሄደውን ነገር በአንድ ቀን ልትመልስላቸው ፈልገህ ነው። ግን ሱቁ የሚሸጥልህ ነገር አንተ ያለህን ችግር አይቶ አይደለም። የአንተ ችግር ዙር፣ ፎኖና መርፌ ነው። እነዚህ ሲስተካከሉ አሁን ያለህ አምፕሊፋየር ለአንድ ሳሎን ይበቃል። ከዚያ በኋላም ገንዘብ ተርፎህ አንድ ነገር ላሻሽል ካልክ ስፒከሩን ነው የምልህ እንጂ ዋቱን አይደለም። ዋት እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ሦስት ዴሲቤል። ስፒከር ስትመርጥ የራስህን ዘፈን ይዘህ ሂድ። ሁለቱንም በእኩል ድምፅ አሰማኝ በለው። ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ነጋዴም ይህን ያውቃል።

ስለ ባለቤትህ ደግሞ የምነግርህ ከሚስት ወገን ሆኜ ነው። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ አልጋ ሥር ብርድ ልብስ የተጠቀለለ አምፕሊፋየር አገኘሁ። ባለቤቴ ከወር በፊት ገዝቶት ኖሯል። ዋጋውን ረስቼዋለሁ። ብርድ ልብሱን ግን አልረሳሁትም። የእንግዳ ብርድ ልብሳችን ነበር። ያናደደኝ ገንዘቡ አልነበረም። ወር ሙሉ በዚያ አልጋ ላይ እየተኛሁ፣ እሱ ሥራችን ምን እንዳለ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም።

ሰባት ሺህ ብር ገና ትንሽ ነው፤ ለመናገር ቀላል የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ለመሆኑ እንዳትነግራት ያደረገህ ምንድን ነው? «እምቢ ትላለች» ብለህ ነው ወይስ «እሺ ትልና ቆርቆሮው ይቀራል» ብለህ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከሆነ ምናልባት አባትህ በዚያ ቀን ያሉትን አልሰማችም ይሆናል። ሦስት ሳምንት ለምን ክፍላቸው እንደተቀመጡ ታውቃለች? ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ አንተ ራስህ መልሱን ታውቀዋለህ። ክረምት ደሴ ላይ ጣሪያ የሚያፈስ ሳሎን ውስጥ ሸክላ አይከፈትም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና ላይ ሰባት ሺሁን እነግራታለሁ። ቀጥሎ ደግሞ የሚያስፈልገውን በወረቀት ጽፌ አሳያታለሁ፤ መርፌ፣ የፎኖ ሳጥን፣ የቶርኖ ዋጋ። ከቆርቆሮው በፊት ወይስ በኋላ ይሁን የሚለውን አብረን እንወስናለን። ቆርቆሮው ይቅደም ካለች ይቅደም። ቆጠራውና ይቅርታው ገንዘብ አይፈልጉም፤ እነሱ ነገ ማታ ይችላሉ።

የወጣውን ቁጥር ጻፍልኝ። አባትህ ምን እንዳሉም ጨምርበት።